እማዬ ፊቷ ወደ አንድ ጎን ዞረ፣ ስትሮክ ነው ወይስ ምች? የምታውቁ በናታችሁ

ማሂ ዘሽምብጥ
ሰኞ ጠዋት 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ከባህር ዳር ነኝ፣ ጭንቅ ላይ ስለሆንኩ ፅሁፌ ቢዘበራረቅ ይቅር በሉኝ። እማዬ 54 ዓመቷ ነው። ለፍልሰታ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ገብታ ሰንብታ ቅዳሜ በጀልባ ተመለሰች፣ ጣና በነሐሴ እንደምታውቁት ነው፣ ነፋሱና ዝናቡ አንድ ላይ ሆኖ ነጠላዋ በስብሶ ነው ቤት የገባችው። ማታ ከግራ ጆሮዬ ኋላ ይጠዘጥዘኛል ስትል እኛም ብርድ ነው ብለን ዝም አልን።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ገና አቦሉን ስትጠጣ ቡናው በግራ አፏ በኩል ወደ አገጯ ፈሰሰ። ቀና ብዬ ሳያት አፏ ወደ ቀኝ ሄዷል። እስቲ ሳቂ ስላት የሚስቀው አንዱ ጎን ብቻ ነው። ግራ ዓይኗ ደግሞ አልከደን አለ፣ ማታ ተኝታ ራሱ ነጩ እየታየ ነው ያደረችው፣ እኔ ቁጭ ብዬ እያየኋት ነጋ።

እጅና እግሯ ምንም አልሆነም፣ ዛሬ ጠዋት ራሷ እንጀራ ልጋግር ብላ ተነስታለች። ንግግሯ "በ" እና "መ" ላይ ትንሽ ይንሸራተታል እንጂ የምትለው ነገር ልክ ነው። የገረመኝ ደግሞ የድስት ክዳን ሲወድቅ በግራ ጆሮዬ ጭንቅላቴን በጠሰው አለች፣ ሽሮውም ምንም ጣዕም የለውም ምላሴ እንጨት ሆነ ትላለች።

ጎረቤት ሁሉ ሲገባ ሲወጣ ነው የዋለው። አንዷ እናት ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ፊቷን ሁሉ አሹላት። አጎቴ ደግሞ ስትሮክ ነው አለ፣ እሱ ሲል ነው ጉልበቴ የከዳኝ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም በደም ግፊት ወድቆ ነው የሞተብን። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስል ደግሞ መርፌ ይወጓታል፣ ምች ላይ መርፌ ይገድላል አሉኝ። ማንን ልስማ? በናታችሁ የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይመልስልኝ።

ነርስ ዘጣና
ሰኞ ጠዋት 3፡15

ማሂ እህቴ አይዞሽ። ድንገተኛ ክፍል ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ፣ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። በፅሁፍ ምርመራ አይደረግም፣ ግን አሁኑኑ ቤት ውስጥ የምታይው ነገር አለ።

እማዬን ፊትሽ አስቀምጫትና ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺ፣ እንደገረመሽ ግንባርሽን አኮማትሪ በያት። ግራ ግንባሯ እንደ ቀኙ ይሸበሸባል? ወይስ ለጥ ብሎ ይቀራል?

ለምን መሰለሽ። የግንባራችን ጡንቻ ትዕዛዝ የሚመጣለት ከግራውም ከቀኙም የአንጎል ክፍል ነው፣ ከሁለት ትራንስፎርመር መብራት እንደሚገባለት ቤት ቁጠሪው፣ አንዱ ቢቃጠል በሌላው ይበራል። የአፋችን አካባቢ ግን በዋናነት ከተቃራኒው ጎን ብቻ ነው የሚመጣለት። ስለዚህ በስትሮክ የአንጎል አንዱ ጎን ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ አፍ ይጣመማል፣ ግንባር ግን ይሸበሸባል፣ ዓይንም ይከደናል። ከአንጎል ወጥቶ በጆሮ ኋላ አጥንት ውስጥ አልፎ ወደ ፊት የሚመጣው ነርቭ ራሱ ሲያብጥና ሲታነቅ ግን ቤቱ የሚገባው የመጨረሻው ሽቦ ተቋረጠ ማለት ነው፣ ግንባሩም ዓይኑም አፉም አብሮ ይጠፋል። ይሄኛው ቤልስ ፓልሲ ይባላል፣ ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለዚህ ነርቭ ከፃፈው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ከቻርልስ ቤል የመጣ ነው። የጆሮ ኋላ ህመሟ፣ ድምፅ መጮሁ፣ የምላሷ ጣዕም መጥፋቱ ሁሉም በዚሁ ነርቭ ነው የሚያልፈው፣ እንዲያውም ያንን ስትፅፊ ነው ትንሽ ልቤ የረጋው።

ግን ስሚኝ፣ ግንባሯ አልሸበሸብ አለ ማለት በቃ ስትሮክ አይደለም ብለሽ ቤት ታስቀምጫታለሽ ማለት አይደለም። ከአንጎል ግርጌ ላይ የሚደርስ ስትሮክ አልፎ አልፎ ግንባርንም ይይዛል። ስለዚህ እነዚህን ጨምሪ፦ ሁለት እጇን ዘርግታ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና 10 ቁጠሪ፣ አንዱ እጅ እየሰመጠ ይወርዳል? አንድ አረፍተ ነገር ደግማ ትናገር፣ ቃል ይጠፋባታል? ስትራመድ ወደ አንድ ጎን ትወድቃለች? አንዱን ነገር ሁለት አድርጋ ታያለች? ከነዚህ አንዱ እንኳን ካለ ይሄን ፅሁፍ ማንበብ አቁሚና ባጃጅ ጥሪ።

ባይኖርም ዛሬውኑ ውሰጃት። ለቤልስ ፓልሲ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ነው፣ በደንብ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እሁድ ጠዋት ከሆነ የጀመራት እስከ ረቡዕ ጠዋት ነው ጊዜሽ። ሌላው ዓይኗ ነው። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ሲደርቅ ብሌኑ ይቆስላል፣ ፊቷ ድኖ ዓይኗ ቢጎዳ ያሳዝናል። ዳማከሴውን ማሽተቱን አልቃወምም ግን ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ፣ ስላልተከደነ ይገባል።

ማሂ ዘሽምብጥ
ሰኞ ጠዋት 3፡32

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን አየኋት፣ ግራ ግንባሯ ለጥ ብሎ ነው የቀረው፣ ቀኙ ብቻ ነው የተሸበሸበው። እጇ አልወረደም፣ ንግግሯም ደህና ነው። ልወጣ ነው።

የወረታው
ሰኞ 5፡10

ማሂ መሄድሽ ጥሩ አደረግሽ። እኔ የአባቴን ልንገራችሁ፣ ምናልባት አንድ ሰው ይጠቀምበታል። ከሁለት ዓመት በፊት ማታ ራት ላይ እንጀራውን ሲቆርስ ከቀኝ እጁ ይወድቅበታል፣ ደግሞ ያነሳል ደግሞ ይወድቃል። አባዬ ምን ሆንክ ስለው ሊነግረኝ ፈልጎ "ያቺ... ያቺ..." ብቻ ይላል። አፉ ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል፣ ግንባሩ ግን ልክ ነው ዓይኑም ይከደናል፣ አሁን የሲስተርን ፅሁፍ ሳነብ ነው ያ ነገር የገባኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተሻለው። ተመስገን ብለን ተኛን። እኔ ራሴ ነኝ ደክሞት ነው ይተኛ ያልኩት።

በማግስቱ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲነሳ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ከዳው። ደም ግፊቱ ሲለካ 210 በ120 ነበር፣ ለካ መድኃኒቱን ደህና ነኝ ብሎ ካቆመ 4 ወር ሆኖታል፣ ለማናችንም አልነገረንም። አሁን በዱላ ይሄዳል፣ ንግግሩ ግማሽ ተመልሷል፣ የልጆቼን ስም ግን ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ማታ ላይ የተሻለው ማስጠንቀቂያ ነበር፣ ሐኪሙ ሚኒ ስትሮክ አለን። ያኔ ብንወስደው ኖሮ እያልኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ሰው አንድ ጎኑ ደክሞ ወይ ቃል ጠፍቶበት ተሻለው ብላችሁ እንዳትተኙ።

ነርስ ዘጣና
ሰኞ 6፡20

የወረታው ወንድሜ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ፣ ጥፋቱን ራስህ ላይ አታድርግ፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው። ያልከው ግን በጣም ልክ ነው። ሚኒ ስትሮክ ካለፈ በኋላ ዋናው የሚመጣበት ከባድ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ናቸው፣ አባትህ ላይም የሆነው ይሄው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፣ ደም ረግቶ የሚዘጋው አለ፣ ደም ሥር ተበጥሶ የሚፈሰው አለ፣ ከውጪ ሲታዩ አይለዩም፣ የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አስፕሪን እንዳትሰጡ፣ የሚፈስ ከሆነ ታባብሱታላችሁ። የግፊት ኪኒንም ከጎረቤት ተበድራችሁ እንዳትሰጡ። ውሃም ምግብም አይሰጥ፣ ጉሮሮው አብሮ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ትንታ ሳንባ ይገባል። በጎኑ አስተኝታችሁ ውሰዱት፣ መጨረሻ ጤነኛ ሆኖ የታየበትን ሰዓት ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፣ ምክንያቱም የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ሁሉ ቦታ ባይኖርም ቶሎ መድረስ ይጠቅማል፣ ስኳሩ ይለካል፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ልክ ስትሮክ መስሎ አንድ ጎኑ የሚደክምበት ጊዜ አለ፣ እሱ ግሉኮስ ሲሰጠው ወዲያው ይመለሳል።

እትዬ ዘጊዮርጊስ
ሰኞ 7፡05

ልጆቼ ሁላችሁም ጥሩ ተናገራችሁ፣ ነገር ግን ምች ላይ መርፌ አይሆንም የሚባለው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እኔ የእህቴን ልጅ ቀብሬያለሁ። ራሷን አሟት አተኮሳት፣ ምች ነው ብለን ለአራት ቀን ስናሻት ሰነበትን፣ በአምስተኛው ቀን ክሊኒክ ወስደናት መርፌ ተወጋች፣ በዚያው ማታ አረፈች። ዓይኔ ያየውን ነው የምነግራችሁ።

ነርስ ዘጣና
ሰኞ 7፡30

እትዬ ነፍሷን ይማር፣ የልጅ ሐዘን አይረሳም። እንዳይቀየሙኝ እንጂ እንደ ልጅዎ ሆኜ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አራቱ ቀን ባይኖር ኖሮስ? ከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ምች ተብሎ ቤት ሲከርም አንዳንዱ ማጅራት ገትር ወይ የአንጎል ወባ ሆኖ ይገኛል። እነሱ በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። ሰው በመጨረሻው ቀን ይመጣል፣ መርፌ ይሰጠዋል፣ ያርፋል፣ ቤተሰብ የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። እኔ ቆሜ ያየሁት እንደዚህ ነው። አንገቱ ግትር ብሎ ወደ ደረቱ አልታጠፍ ያለ፣ ብርሃን ያስጠላው፣ የሚቀባጥር ሰው ካለ እባካችሁ ምች ቢሆንም ባይሆንም አምጡት። በነገራችን ላይ የማሂ እናት ሕክምና ኪኒን ነው፣ መርፌ የለበትም።

የፎገራ ገበሬ ልጅ
ሰኞ 8፡50

ጥያቄዬ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል ግን ሲስተር ካለሽ አይቀር ልጠይቅ። ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ሩዝ አረም ላይ ነበርን፣ አራት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጢጥ ብለን ነው ያረምነው። በአምስተኛው ቀን ቀኝ እግሩ ልክ አልሆነም። ሲራመድ የእግሩ ጣት ወደ ላይ አልነሳ ይላል፣ ጭቃውን እየጠረገ ይሄዳል፣ ኮንጎ ጫማው ይወልቅበታል፣ እንዳይደናቀፍ ጉልበቱን እንደ ፈረስ ከፍ አድርጎ ነው የሚረግጠው፣ ሲያሳርፈው ደግሞ ጠፍ ይላል። አያ ወጌሻ ጋ ወሰድነው፣ ወልቋል ብሎ ሁለት ቀን አሸው ምንም የለም። አባታችን ደግሞ ጓያ ነው የሰበረው ብሎ ደንግጧል፣ በልጅነቱ ጓያ የሰበራቸውን ሰዎች አይቷል፣ እኛም ይሄው ክረምት ላይ እህል ሲሳሳ የጓያ ሽሮ በልተናል አልዋሽም። ጓያ ከሆነ አይድንም አይደል?

ነርስ ዘጣና
ሰኞ 10፡15

የአባትህ ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ደምቢያና ፎገራ ላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙ ወጣት በጓያ እግሩን አጥቷል፣ ይሄ በሐኪሞች ተጠንቶ የተፃፈ ነው። ጓያ ድርቅም ይችላል፣ ውሃ የተኛበት መሬትም ይችላል፣ ሩዝ ከተነሳ በኋላ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል፣ ሌላው እህል ሲከዳ የማይከዳ እሱ ስለሆነ ነው ሰው ላይ የሚበረታው። በውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፣ ለወራት ዋናው ምግብ ሲሆን ከአንጎል ወደ እግር ትዕዛዝ የሚያወርደውን መስመር ያበላሻል። ከጤፍ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ አልፎ አልፎ የተበላ ሽሮ ይሄን አያደርግም፣ የሚያሰጋው እሸቱም ቆሎውም ንፍሮውም ቂጣውም ጓያ ብቻ ሲሆን ነው።

ግን የወንድምህ ነገር ጓያ አይመስለኝም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ጓያ ሁለቱንም እግር ነው የሚይዘው። እግሩ አይላላም፣ ይገትራል። ሰውየው በጣቱ ቆሞ ጉልበቱ እየተጋጨ እንደ መቀስ እየተጣመረ ነው የሚሄደው፣ ሐኪም ጉልበቱን በጎማ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ በኃይል ይፈናጠራል። ቆዳው ላይ ስሜቱ አይጠፋም። የወንድምህ አንድ እግር ነው፣ የላላ ነው፣ ጠፍ የሚል ነው። እስቲ ጠይቀው፣ ከጉልበቱ በታች በውጪ በኩል እስከ እግሩ ጀርባ ድረስ ደንዝዞታል? ካለ በጣም ይገጥማል።

ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጪ በኩል እንደ ጉልላት የምትዳሰስ አጥንት አለች፣ አንገቷን ዞሮ የሚያልፍ ነርቭ አለ፣ ከቆዳ በታች ብዙ ሥጋ የለውም። ሰው ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ሲል ይታጠፋል ይጫናል፣ ያ ነርቭ ነው እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው። ውጪ አገር እንጆሪ ለቃሚዎች ላይ ስለሚበዛ በእነሱ ስም ነው የሚጠሩት፣ የእኛ የሩዝ አራሚ ደግሞ ያው ቁጢጥ ነው። ነርቩ ተጫነ እንጂ ካልተበጠሰ አብዛኛው በሳምንታት አንዳንዴም በወራት ይመለሳል። ቁጢጥ ማለት ይቁም፣ እግር ማነባበርም ይቁም፣ ወጌሻው ያቺን አጥንት አካባቢ ደግሞ እንዳያሻት፣ ነርቩን ይባስ ይጎዳዋል።

ሐኪም ግን ይየው። ከወገብ የሚነሳ ነርቭ ሲጫንም እግር እንደዚህ ይንጠለጠላል፣ ልዩነቱ ያኔ እግሩን ወደ ውስጥ ማዞርም ያቅተዋል፣ ወገቡም ያመዋል። ሌላው ሳልናገር የማላልፈው ሰውነቱ ላይ ነጣ ያለ ወይ ቀላ ያለ ሲነካ የማይሰማው ቦታ ካለ ነው፣ ሥጋ ደዌ የሚያጠቃው ያቺኑ ነርቭ ነው፣ ነርቯም ያቺ አጥንት ጋ እንደ ገመድ ወፍራ ትዳሰሳለች። አትደንግጥ፣ መድኃኒቱ በነፃ ነው የሚሰጠው፣ ይድናል፣ ቶሎ ከተጀመረ እግርም እጅም ይተርፋል።

ጣና ዳር
ሰኞ 11፡40

እኔ ደግሞ ሁለት እግሬን ማታ ማታ ያቃጥለኛል፣ ከጣቴ ጀምሮ ነው ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል፣ ብርድ ልብስ ሲነካው ራሱ አልችልም። ሁሉም ሰው ነርቭ ነው ይለኛል፣ ፋርማሲ ሄጄ የነርቭ ቫይታሚን ስጡኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ።

ነርስ ዘጣና
ሰኞ ማታ 1፡05

ነርቭ ነው ማለት ራሱ መልስ አይደለም፣ ነርቩን ምን ጎዳው ነው ጥያቄው። ሁለቱም እግር ከጣት ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ከወጣ መጀመሪያ ስኳርህን ተለካ። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው እግሩ ሲያቃጥለው ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ከሆንክም ተናገር፣ አንዱ መድኃኒት ቫይታሚን ቢ 6 ስለሚያሟጥጥ አብሮ የሚሰጥ ኪኒን አለ። አልኮልም ኤች አይ ቪም እንደዚህ ያደርጋሉ። እግርህን ደግሞ በየቀኑ እየገለበጥክ እየው፣ የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋው አይናገርም።

ማሂ ዘሽምብጥ
ሰኞ ማታ 2፡20

ተመልሰናል። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሳያዩዋት ቫይታሚን ፅፈው ሊመልሱን ነበር፣ የቦታውን ስም አልናገርም፣ እኔ ግን ግንባሯን እዩልኝ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሄድን፣ ዶክተሩ ገና ቅንድቧን ሲያስነሳት አንቺ የነገርሽኝን ነው የደገመልኝ። ጆሮዋ ውስጥ በባትሪ አየ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ ከአልማዝ ባለጭራ ጋር የሚዛመድ ሌላ ዓይነት ነው፣ ሌላም መድኃኒት ይጨመራል አለ፣ የለም። ቤልስ ፓልሲ ነው። ስኳሯ ደህና ነው፣ ደም ግፊቷ ግን 170 በ100 ሆነ፣ ቁጭ ብላ አርፋ ደግመው ለኩት 165 ሆነ። እንዳለባት አናውቅም ነበር። ነገ ደግማ ትለካለች።

ፕሬድኒሶሎኑን ለ10 ቀን አዘዘላት፣ ለዓይኗ ቀን ጠብታ ማታ ቅባት። ጭንቀቴ አሁን ምን መሰላችሁ፣ ኪኒኑ ጠዋት ምግብ ተበልቶበት ነው የሚወሰደው ተባለ፣ እማዬ ደግሞ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ነው የምትፆመው፣ ሞቼ ነው ጠዋት የምበላው አለች። ሲስተር 9 ሰዓት ላይ ብትውጠው ምን ይሆናል?

ነርስ ዘጣና
ሰኞ ማታ 2፡45

ማሂ ደስ አለኝ፣ ጎበዝ፣ ግንባሯን እዩልኝ ብለሽ መቆምሽ። ጠዋት የሚባለው ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ስለሚነሳ ነው፣ በባዶ ሆድ ደግሞ ጨጓራ ያቃጥላል። 9 ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር ብትወስደው ጨርሶ ከመተው በብዙ ይሻላል፣ ግን ነገ ግፊቷን ስታስለኩ ዶክተሩን ጠይቂው፣ ይሄ ኪኒን ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ እሱ ይወስን። ዋናው የዛሬው እንዳያመልጥ ነው፣ አሁን በልታ ከሆነ አሁን ትዋጠው። እማዬን ደግሞ የንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ አድርጊ፣ ለታመመ ሰው ምን እንደሚሉ እሳቸው ይንገሯት፣ ከኛ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

ጉንጯ ላይ ስትነኪያት ስሜቱ አለ አይደል? የፊት ስሜት በሌላ ነርቭ ነው የሚሄደው፣ ከባድ መደንዘዝ ካለ ነገ ተናገሩ።

ማሂ ዘሽምብጥ
ሰኞ ማታ 4፡10

ስሜቱ አለ፣ ስነካት አታስነኪኝ ነው ያለችው። ቄሱ ጋ ደወልንላቸው፣ ኪኒኑን በሰዓቱ ውሰጂ፣ እህሉንም ቅመሺ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ ብለው ገሰጿት፣ ዝም አለች። የዛሬውን በሽሮ ፍትፍት ዋጠችው። ቅባቱን አድርጌ የዓይኗን ቆብ በጣቴ ቀስ ብዬ አውርጄ በፕላስተር ለጥፌላት አሁን ተኝታለች፣ ዛሬ ነጩ አይታይም።

የወረታው፣ አጎቴ የአንተን ፅሁፍ ካነበበ በኋላ ነገ ከእማዬ ጋር እሱም ግፊቱን ልለካ ብሏል።

የፎገራ ገበሬ ልጅ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ሲስተር ጠየቅኩት፣ ከጉልበቱ በታች በውጪ በኩል ደንዝዞታል፣ ነጣ ያለ ቦታ ግን የለውም፣ ወገቡንም አያመውም። ግራ እግሩ ሙሉ ጤነኛ ነው። ለአባቴ መቀሱን የነገርሽኝን ነገርኩት፣ አዎ እነሱ በጣታቸው ነበር የሚሄዱት አለኝና ተቀምጦ አለቀሰ። ዛሬ ወረታ ሐኪም ቤት ይዤው እየሄድኩ ነው፣ አረሙን ጎረቤት ወንፈል ገብቶልናል።

ነርስ ዘጣና
ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

መኪና ውስጥ እግሩን አንዱ በአንዱ ላይ አድርጎ እንዳይቀመጥ። ዶክተሩ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ካዘዘለት ደግሞ እስኪመለስ ድረስ ሲራመድ አያውልቀው፣ ጣቱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲቆይ የተረከዙ ጅማት ያጥራል፣ ነርቩ ቢድን እንኳ እግሩ አልታጠፍ ይላል። ከሐኪሙ ስትወጡ ያላችሁን ፃፍልኝ።